ኮርዱሮይ ሱሪ ለወንድ ልጅ፦ ከጉልበት ሥር የሚታሰረው የድሮው ዓይነት

ኮርዱሮይ ሲያዩት ባለ ሸንተረር ጨርቅ ነው፤ ሲቆርጡት ግን ጠጉሩ ያልተላጨ ቆዳ ማለት ነው። ጠጉሩ የሚተኛበት ወገን አለው። ይህን ሳያይ የቆረጠ ሰፊ ሱሪውን ጨርሶ ሲሰቅለው አንዱን እግር ከሌላው ጠቆር ብሎ ያገኘዋል። ያ ደግሞ በማጠብም በካውያም አይስተካከልም። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ከዚህ ከአንድ ጠባዩ የሚመነጭ ነው።

የምንሰፋው በአሜሪካ ከ1910ዎቹ እስከ 1930ዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ይለብሱት የነበረውን ሱሪ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ሰፊ ነው፤ ከጉልበት ሥር ተሰብስቦ በማሰሪያና በዘለበት ይያዛል። ስሙ ኒከርቦከር ነው፣ በአጭሩ ኒከርስ። ለመድረክም ሆነ ለዕለት ልብስ አሰፋፉ አንድ ነው። ልኩ ቁመቱ 128 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የ8 ዓመት ገደማ ልጅ ነው፤ ለሌላ ልጅ ለመቀየር እንዲመች እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ አብሮ ተጽፏል።

ኮርዱሮይ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ ሲስፋፋ በአብዛኛው የሠራተኛ ልብስ ነበር፤ ወፍራም፣ ከሱፍ የረከሰ፣ እድፍ ቶሎ የማይታይበት። ወደ ልጆች የወረደውም በዚያው ምክንያት ነው። መሬት ላይ ሲንበረከክ የሚውል ልጅ ሱሪ የሚያልቀው በጉልበቱና በመቀመጫው ነው። ኮርዱሮይ ላይ ግን መደቡ ከመነካቱ በፊት አስቀድሞ የሚበላው ጠጉሩ ነው።

የኒከርቦከር ቅርጽ ለልጆች የተለመደው ከ1860ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ከኮርዱሮይ ጋር የተስማማው ብዙ ሰው በማያስተውለው ምክንያት ነው። በረጅም ሱሪም ሆነ በቁምጣ ለማደጊያ የሚተወው ጨርቅ ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ኮርዱሮይ እጥፋት ላይ ሲቆይ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ቀለሙም ይነጣል፤ ከዓመት በኋላ ጠርዙ ሲለቀቅ ነጣ ያለ ክብ መስመር እግሩ ላይ ይቀራል። በኒከርቦከር ግን ትርፉ ከማሰሪያው በላይ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሎ ስለሚውል የሚነጣ እጥፋት የለውም። ልጁ ሲረዝም ከረጢቱ ያጥራል እንጂ ሱሪው አያጥርም።

ጨርቁ

ኮርዱሮይ ሲሸመን ሁለት ዓይነት ማግ ይገባበታል። አንዱ ከድሩ ጋር እየተጠላለፈ መደቡን ይሠራል፤ ሌላው ብዙ ድር እየዘለለ ከላይ ይንሳፈፋል። ከሽመና በኋላ ተንሳፋፊው ማግ በረድፍ በረድፉ ይቆረጣል። የተቆረጡት ጫፎች ይቆማሉ፣ ይቦረሻሉ፤ ሸንተረርና ቦይ ሆነው ይወጣሉ። ዛሬ ይህን የሚሠራው የሚሽከረከር ምላጭ ያለው ማሽን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በላንክሻየርና በቼሻየር ጨርቁ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይወጠርና ቆራጩ ረጅም ቀጭን ቢላ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመደ አንዷን ቦይ ይከፍታል፤ ተመልሶ ደግሞ ቀጣይዋን። ከቆራጮቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሲመላለስ የዋለበትን ጨርቅ ሌላ የአሥር ዓመት ልጅ ለብሶ ትምህርት ቤት ይሄድበት ነበር።

ጠጉሩ በመደቡ ላይ የተያዘበት መንገድ ለልጅ ልብስ ከሁሉ በላይ ወሳኝ ነው፤ ሻጩ ግን አይነግርዎትም፤ ራስዎ ይፈትሹ። ከጨርቁ የተቆረጠ ጠርዝ አንዲት የጠጉር ቁንጥር በመርፌ ጫፍ መዝዘው በብርሃን ይዩ። እንደ ላቲኑ ፊደል ቪ ሁለት እግር ብቻ ካላት በአንድ ድር ሥር ብቻ ዞራ የወጣች ናት፤ ከጀርባ በኩል መታሸት ሲበዛ ተመዛ ትወጣለች። እንደ ደብልዩ መሃሏ እጥፍ ካለ በሦስት ድር ተይዛለች፤ ይህኛው ጉልበት ላይ ይሰነብታል። ቪ የሆነውን ለኮፍያ ወይም ለጃኬት ያውሉት፤ ለልጅ ሱሪ ግን አይመከርም።

የሸንተረሩ ስፋት የሚነገረው በአንድ ኢንች ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ባለው ቁጥር ነው። 11 የተለመደው ነው። ከ16 በላይ ያለው ቀጭን ነው፤ ለሸሚዝና ለሕፃን ልብስ ይሆናል። 8ና ከዚያ በታች ያለው ሰፊ ሲሆን ትንሽ ልጅ ላይ ሸንተረሩ ከሰውነቱ ይገዝፋል፤ ስፌቱም ይወፍራል። ለዚህ ሱሪ ከ11 እስከ 14 ያለውን፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሆነ ሙሉ ጥጥ ይምረጡ። የሚለጠጥ ክር የገባበት ጨርቅ ለመልበስ ይመቻል፤ ለዚህ ቅርጽ ግን ከረጢቱ ቀጥ ብሎ ስለማይወርድ አይሆንም። የድሮ ዘመን ልብስ ለሚሰፋማ ጨርሶ አይታሰብም።

ከውጭ አገር ጨርቅ ለሚያፈላልግ ስሙ ያደናግራል። ጀርመኖች ጨርቁን ኮርድ ወይም ከተማዋን አስታውሰው ማንቸስተር ይሉታል። ፈረንሳዮች ቬሉር ኮትሌ ይሉታል፤ ባለ ጎድን አጥንት ከፋይ እንደማለት ነው። ኮርዱሮይ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ “የንጉሥ ገመድ” የመጣ ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ፈረንሳዮች ጨርቁን እንደዚያ ብለው አይጠሩትም።

መጠኑ፦ ስፋቱ 140 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሜትር፣ 110 ከሆነ 1.50 ሜትር። ለኪስ፣ ለወገብና ለማሰሪያ ውስጠኛ ክፍል ቀጭን ግን ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ 60 ሴንቲ ሜትር። ውስጡ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ 2 ዘለበት፣ ለፊት መክፈቻ 15 ሚሊ ሜትር የሆኑ 4 ቁልፎች፣ በትከሻ ለሚንጠለጠለው ማንገቻ 6 ቁልፎች፣ አንድ ጥቅል የፖሊስተር ክር። የጥጥ ክር ለዘመኑ ታማኝ ነው፤ በመቀመጫው ስፌት ላይ ግን ይበጠሳል።

ከመቁረጥዎ በፊት ጨርቁን ይጠቡ። ያልታጠበ የጥጥ ኮርዱሮይ በርዝመቱ ከመቶው ከ3 እስከ 5 ሊሰበሰብ ይችላል። ግልባጩን ወደ ውጭ አድርገው፣ ጠርዙን በሰፋፊ ስፌት ዘግተው በ40 ዲግሪ ይጠቡት፤ ጠርዙ ካልተዘጋ ማጠቢያው በብናኝ ይሞላል። ሳይጨመቅ ተሰቅሎ ይድረቅ። ተጨምቆ የታጠፈ ኮርዱሮይ የያዘውን መስመር ቶሎ አይለቅም።

ልክና ንድፍ

ልጁ ላይ የሚለኩት አምስት ናቸው፦ ወገብ 58፣ ዳሌ 68፣ ተቀምጦ ከወገብ እስከ ወንበሩ 20፣ ከወገብ እስከ ጉልበት መሃል 45፣ ከጉልበት በታች ዙሪያ 27 ሴንቲ ሜትር።

ዳሌው ላይ 14 ይጨመራል፤ 82 ይሆናል። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ኒከርቦከር ግን ጠቦ ሲሰፋ ከረጢቱ ይጠፋና የፈረሰኛ ሱሪ ይመስላል። 82 ለ4 ሲካፈል 20.5፤ የእያንዳንዱ ክፍል ወርድ ይህ ነው። የመቀመጫው ጥልቀት 20 ላይ 3 ተጨምሮ፣ የወገቡ ጥምዝ (ለብቻው ተቆርጦ ከላይ የሚገጠመው የወገብ ቁራጭ) 3.5 ተቀንሶ 19.5 ነው። የውጭው ርዝመት 45 ላይ ማሰሪያው ወደሚያርፍበት 4፣ ለከረጢቱ 10 ተጨምሮ፣ 3.5 ተቀንሶ 55.5 ይሆናል፤ 56 ይያዝ።

የፊት ክፍሉን ሲነድፉ 20.5 በ56 የሆነ አራት ማዕዘን ይሥሩ። ከላይ 19.5 ወርደው በእግር መሃል በኩል 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያውጡና ኩርባውን ያያይዙ። የኋላው በዚያው መንገድ ይነደፋል፤ እግር መሃሉ ግን 8 ይወጣል፤ የኋላ መሃል መስመሩ ከላይ 2 ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ 2.5 ደግሞ ከፍ ይላል። ይህ ከፍታ ካልተሰጠ ልጁ ባጎነበሰ ቁጥር ወገቡ ከኋላ ይወርዳል። ጎኑን ከላይ በእያንዳንዱ ክፍል 1 ሴንቲ ሜትር ያጥብቡ። የቀረውን የወገብ ትርፍ ከኋላ በእያንዳንዱ ወገን 2 ሴንቲ ሜትር የምትውጥ፣ ወደ ታች እየቀጠነች የምታልቅ ስፌት ትይዘዋለች፤ ከፊት ደግሞ በእያንዳንዱ ወገን፣ እያንዳንዳቸው 2.5 የሚውጡ ሁለት እጥፋቶች። ሲደመር ወገቡ 60 ይሆናል። የታችኛው ወርድ ፊቱ 19፣ ኋላው 21።

ለስፌት በየቦታው 1.5 ይተው፤ የኋላ መሃል መስመሩ ላይ ግን ከወገቡ ጀምሮ 3 ይሁን።

መቁረጥ

እጅዎን በሸንተረሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያሂዱ። ልስልስ ብሎ የሚሄድበት ጠጉሩ የሚተኛበት ወገን ነው። ግልባጩ ላይ በየአንድ ጋት በጠመኔ ቀስት ያድርጉ፤ ጨርቁ አንዴ ከተቆራረጠ በኋላ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ጠጉሩ ወደ ላይ ሲሆን ቀለሙ ጠልቆ ይታያል፤ ወደ ታች ሲሆን ነጣ ይላል፣ ግን ከመታሸት ጋር ስለሚስማማ ይበልጥ ይቆያል። ለአዋቂ ኮት ወደ ላይ ማድረግ ያምራል። ለልጅ ሱሪ ወደ ታች ይሁን። ዋናው ግን ሁሉም ክፍሎች አንድ ወገን መያዛቸው ነው። በሌላ ጨርቅ የአንዱን ሱሪ እግር ወደ ላይ የሌላውን ወደ ታች አድርጎ ጨርቅ መቆጠብ የተለመደ ነው፤ እዚህ ክልክል ነው። በ140 ስፋት ላይ አራቱ ክፍሎች ጎን ለጎን 118 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፤ ከጎን በሚተርፈው ወርድ ላይ የወገቡና የማሰሪያው ቁራጮች በቁመት ይወጣሉ።

ጨርቁን አጥፈው ሁለት ንብርብር አይቁረጡ። ጠጉር ከጠጉር ሲገናኝ እንደ ሁለት ብሩሽ ይነካከስና ላይኛው ይሸሻል። ግልባጩ ወደ ላይ ሆኖ በአንድ ንብርብር ይዘርጉ፣ ንድፉን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ገልብጠው ይሥሉ። የንድፉ መሃል መስመር አንድ ቦይ ላይ ይረፍ። ሸንተረሩ በቁመቱ ስለሚሄድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ማዝመም እንኳ ከሩቅ ያስታውቃል።

የወገቡ ቁራጭ 67 በ6.5፣ ሁለቱ የጉልበት ማሰሪያዎች እያንዳንዳቸው 35 በ6 ናቸው፤ ሸንተረሩ በርዝመታቸው ይሂድ። በድሩ በኩል የተቆረጠ አይለጠጥም፤ በማጉ በኩል የተቆረጠ ወገብ ግን በጥቂት ሳምንት ይሰፋል። ውስጠኛ ገጻቸው በቀጭኑ ጥጥ በዚያው ልክ ይቆረጥ። ኮርዱሮይ በኮርዱሮይ ላይ ሲታጠፍ ስፌቱ አራትና አምስት ንብርብር ይሆንና መርፌ ይሰብራል።

መስፋት

መርፌው ቁጥር 90 ይሁን፤ ሸንተረሩ ሰፊ ከሆነ 100። የስፌቱ እርምጃ 3 ሚሊ ሜትር። የመኪናው እግር ጨርቁን የሚጫንበትን ኃይል ቀነስ ያድርጉ፤ ካልሆነ ላይኛው ጨርቅ እየተገፋ ሄዶ ስፌቱ መጨረሻ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተርፎ ያገኙታል። ይህ በኮርዱሮይ ላይ ከሚያጋጥሙ ችግሮች ሁሉ ዋነኛው ነው። ስፒል ብቻውን አያቆመውም፤ ረጃጅሞቹን ስፌቶች አስቀድሞ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ስፒል ከተጠቀሙም ለስፌት በተተወው ጠርዝ ውስጥ ብቻ ይሰኩ፤ ሌላ ቦታ አሻራው ይቀራል። ሁልጊዜ ከወገብ ወደ ታች፣ ጠጉሩ በሚተኛበት ይስፉ።

መጀመሪያ የሁሉም ክፍሎች ጠርዝ በኦቨርሎክ ወይም በዚግዛግ ይታሰር። የተቆረጠ ኮርዱሮይ በነካኩት ቁጥር ይበናል፤ ነገ ልሠራው ብለው ያደሩበት ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሊጎድል ይችላል።

ከዚያ የፊት እጥፋቶችና የኋላ ጠባብ ስፌቶች ይሠራሉ። በመቀጠል የጉልበቱ ማጠናከሪያ ይገባል፦ በእያንዳንዱ የፊት ክፍል ግልባጭ ላይ፣ ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከሚጀምር ቦታ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የጥጥ ጨርቅ ከጎን ስፌት እስከ ውስጥ ስፌት ይዘርጋ፤ ሁለቱ ጎኖቹ በስፌቶቹ ውስጥ ይያዛሉ። የላይና የታች ጠርዙን ከኮርዱሮዩ ጋር አይስፉ፤ ከፊት ለፊት የስፌት መስመር ይወጣል። በዘመኑ ጥሩ የሚባሉት ኒከርሶች ሙሉ ገበር ነበራቸው። ገበሩ የሚሞቅ ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱ የጨርቁን ጀርባ እንዳያሽ ይከለክላል። ጠጉር የሚመዘዘው በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው።

ኪሶቹ በጎን ስፌት ውስጥ ይገባሉ። ከረጢታቸው ጥጥ ሲሆን አፋቸው ላይ ብቻ 5 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮርዱሮይ ቁራጭ ይጨመራል። የፊት መክፈቻው በቁልፍ ነው፤ ሦስቱ ቁልፎች በመክፈቻው፣ አንዱ በወገቡ። የቁልፍ ቀዳዳ በቀጥታ ጠጉር ላይ ሲሠራ ክሩ ይሰምጣል። ቀጭን ወረቀት ከላይ አድርገው ይስፉበትና በኋላ ይቅደዱት፤ አልያም ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ውስጠኛ ምላስ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ ይሥሩት። ሁለተኛው ይሻላል፤ አይወፍርም።

የጎን ስፌቱ ከታች 7 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል፤ እግሩ የሚገባው በዚያ ነው። ክፍቱ በቀጭን የጥጥ ጥብጣብ ይጠረዛል። ከዚያ የውስጥ ስፌት፤ በመጨረሻ አንዱ እግር ሌላው ውስጥ ገብቶ የመቀመጫው ስፌት ከፊት መክፈቻው ሥር እስከ ኋላ ወገብ በአንድ ጉዞ ይሰፋል። ይህ ስፌት ሁለቴ ይታለፍበት። ኩርባው ላይ የተረፈው ጠርዝ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ካልተከረከመ ልጁ ሲቀመጥ እንደ ገመድ ይቆረቁረዋል።

የእግሩን ታች ወደ ማሰሪያው ልክ ለማምጣት በክር ስቦ መኮማተር የተለመደ ነው። በኮርዱሮይ ላይ ግን ወፍራም ጉብታ ይሆናል። ማሰሪያው የሚይዘው ዙሪያ 29 ነው፤ የእግሩ ታች 40። የሚተርፈው 11 ሴንቲ ሜትር እያንዳንዳቸው 1.8 በሚውጡ ስድስት እጥፋቶች ይከፈል፤ ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጎን ስፌቱ መልሰው። እጥፋቶቹ በአንድ ሸንተረር ልክ ከተቀመጡ መስመር መቁጠር እንጂ መለካት አያስፈልግም። ከዚያ ማሰሪያው ይገጠማል፤ አንዱ ጫፍ ዘለበት ይይዛል፣ ሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ተርፎ በዘለበቱ ያልፋል።

ካውያ

ከፊቱ በኩል ካውያ አይነካው። ጠጉሩ ተጨፍልቆ ያብለጨልጫል። የዚያኑ ጨርቅ ቁራጭ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይነጠፍ፤ የሱሪው ፊት በላዩ ይረፍ፤ ጠጉር በጠጉር ውስጥ ገብቶ ይድናል። እንፋሎት በብዛት፣ ክብደት በትንሹ፤ ስፌቶቹ በካውያው ጫፍ ብቻ ይከፈቱ። በስህተት የተጨፈለቀ ቦታ ካለ የሚፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ይያዝና በለስላሳ ብሩሽ ጠጉሩን ተቃርነው ያንሱት፤ እስኪደርቅ አይታጠፍ።

ለመድረክ የሚሰፋ ሰው ዘመኑን የሚያሳብቁ ጥቂት ነገሮችን ይጠንቀቅ። ዚፕ በልጆች ሱሪ ላይ መግባት የጀመረው በ1930ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ላለ ዘመን ቁልፍ ብቻ። በዘለበት ፈንታ የሹራብ እጅጌ የመሰለ ተለጣጭ ጠርዝ ከተደረገ የ1930ዎቹን ያሳያል። ትናንሽ ልጆች ማንገቻ ሳይሆን ሱሪውን ከሸሚዛቸው ወይም ከውስጥ ሰደርያቸው ጋር በቁልፍ ያያይዙ ነበር። በ1940 አካባቢ ኒከርስ በአሜሪካ ለረጅም ሱሪ ቦታውን ለቋል። በብሪታንያ የልጆች ዋና ልብስ ቁምጣ ነበር፤ በጀርመን የ1920ዎቹ የወጣት ማኅበራትም ከኮርዱሮይ የተሰፋ ቁምጣ ይለብሱ ነበር፤ ስለዚህ የበርሊን ልጅ ላይ ይህን የአሜሪካ ሱሪ አያድርጉ። ልጁ ሲራመድ የሚሰማውን የፍትግ ድምፅ ግን ለማጥፋት አይድከሙ። የሁለቱ እግሮች ሸንተረሮች እየተሻገሩ ሲፋጩ የሚወጣ ነው፤ በዘመኑም ልጆቹ የሚታወቁበት ነበር።

ሲታጠብ ተገልብጦ፣ ቁልፉና ዘለበቱ ተዘግቶ ይታጠብ፤ ብናኝ ከሚያወጣ ፎጣ ጋር አይቀላቀል። ከመቁረጡ የተረፈው ቁራጭ አብሮ እየታጠበ ይቀመጥ፤ ጉልበቱ ሲያልቅ መጣፊያው ቀለሙ ከሱሪው ጋር እኩል የነጣ ይሆናል። መጣፊያውም ቢሆን ጠጉሩ ወደ ታች ይሁን።

ልጁ ሲያድግ መጀመሪያ የሚጠበው ወገቡ ነው፤ ከረጢቱ ገና አለ። የወገቡን ጥምዝ በኋላ መሃል በኩል ከፍተው የተተወውን 3 ሴንቲ ሜትር ከሁለቱም ወገን እስከ 1.5 ድረስ ይልቀቁ፤ በጠቅላላው 3 ይገኛል። የወገቡ ቁራጭ ላይ የሚገባው ጭማሪ ከዚያው ከተቀመጠው ቁራጭ ይወጣል፤ ማንገቻው መሃሉን ስለሚሸፍነው አይታይም።